ያገለገለ እቃ ኦንላይን መሸጥ፣ ከሻጭ በኩል የታየ ሪቪው፦ ቴሌግራም፣ ጂጂ፣ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ እና የማናውቀው ገዢ

ገዢ ተጠንቀቅ የሚል ፖስት በየቦታው አለ፣ ኦርጅናል መሆኑን አረጋግጡ፣ ቀድማችሁ ብር እንዳትልኩ፣ ምናምን። ትክክል ነው፣ አልቃወምም። ሻጩስ ግን? አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ፍሪጅ ወይ ላፕቶፕ የሚለጥፈው ሰው አብዛኛው ነጋዴ አይደለም እኮ፣ ቪዛ የወጣለት፣ ቤት የሚቀይር፣ ወይ ብር የቸገረው ሰው ነው፣ በህይወቱ አይቶት የማያውቀው ሰው ቤቱ ድረስ መጥቶ እቃውን ጭኖ ሊሄድ ነው፣ እና ይሄ ሰው እንዴት አድርጎ ራሱን እንደሚጠብቅ የሚነግረው የለም። እኛ ቤት ደግሞ ውጭ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር እቃ የመሸጡ ስራ የሚወድቀው እኔ ላይ ነው፣ የወንድሜን እቃ፣ የአክስቴን ልጅ እቃ፣ የጎረቤትም ጭምር፣ ሶፋ፣ ቲቪ፣ ፍሪጅ፣ ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ የልጅ አልጋ ሳይቀር።

ስለዚ ይሄ የሻጭ ሪቪው ነው። የምጠቀምባቸው ሶስት ናቸው፣ የቴሌግራም ቻናሎች፣ ጂጂ (የሽያጭ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ድረገጽ) እና ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ። ስንት ሰው ያየዋል የሚለውን ሁሉም ያወራዋል፣ እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፣ ነገ በሬን የሚያንኳኳው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሜ ምን ያህል ማወቅ እችላለሁ የሚለውን ነው።

ቴሌግራም በፍጥነት ተወዳዳሪ የለውም። ጠዋት ፎቶ ልካችሁ አድሚኑ ከለጠፈው ከሰዓት ገዢ ሊመጣ ይችላል፣ ብዙ ተከታይ ያለው ቻናል ከሆነ ስልካችሁ ማረፊያ ያጣል። አንዳንዱ አድሚን ለፖስት ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ሲሸጥ ኮሚሽን ይወስዳል፣ ማለትም ያው ደላላ ነው፣ ስለዚ መጀመሪያ ላይ ስንት እንደሚወስድና ከማን እንደሚወስድ በጽሁፍ አስቀምጡት፣ እቃው ከተሸጠ በኋላ የሚነሳ የኮሚሽን ጭቅጭቅ በጣም ያደክማል። ዋናው ችግሩ ግን ገዢው ማን እንደሆነ ምንም አለማወቃችሁ ነው። ዩዘርኔም አለው፣ ፎቶው የኳስ ተጫዋች ነው፣ ስልኩ ተደብቋል፣ ነገ ዩዘርኔሙን ቢቀይረው የት ታገኙታላችሁ? እኔ ቴክስት ብቻ ከሚያደርግ ሰው ጋር ቀጠሮ አልይዝም፣ ደውልልኝ እላለሁ፣ በስልክ ድምጹን እሰማለሁ፣ ከየት ሰፈር እንደሚመጣና በምን እንደሚከፍል እጠይቃለሁ። ሊገዛ የፈለገ ሰው ይደውላል፣ ሌላው እዛው ይቀራል። ለፍጥነቱ 5 ከ5፣ ገዢን ለማወቅ 1 ከ5።

ጂጂ ቀስ ያለ ነው ግን የሚመጣው ሰው የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም ማስታወቂያው ቆይቶ ይታያል፣ ሰውየው ፈልጎ ነው ሚያገኛችሁ፣ ሞዴሉን ጽፎ፣ ዋጋ አወዳድሮ፣ ከዛ ይደውላል። ቴሌግራም ላይ ስክሮል ሲያደርግ አይቶ "ይሄ ስንት ነው" ከሚል ሰው ጋር በጣም ይለያያል። ያልወደድኩለት ነገር ቢኖር ማስታወቂያው ስር የሚያወጣው የጥንቃቄ ምክር ነው፣ ቅድመ ክፍያ አትላኩ፣ ሰው ባለበት ቦታ ተገናኙ፣ እቃውን አይታችሁ ክፈሉ ይላል፣ ጥሩ ምክር ነው ግን ሙሉ በሙሉ ለገዢ የተጻፈ ነው፣ ሻጭንም የሚያጭበረብር ሰው እንዳለ የታሰበ አይመስልም። አንድ ሁለት መስመር ለኛም ቢጨምሩ ምን ነበረበት።

ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ሰውን ለማወቅ ከሶስቱ የተሻለው ነው። ፕሮፋይሉን ትከፍታላችሁ፣ መቼ ፌስቡክ እንደገባ፣ የጋራ ጓደኛ እንዳላችሁ፣ ከዚህ በፊት የገዛና የሸጠ ከሆነ ሰዎች የሰጡት ኮከብ፣ ብዙ ነገር ይታያል። ባለፈው ወር የተከፈተ፣ ፎቶ የሌለው፣ ጓደኛ የሌለው አካውንት ከሆነ ደግሞ ያም ራሱ የሚነግራችሁ ነገር አለ። ጉዳቱ ወሬው መብዛቱ ነው፣ "አሁንም አለ?" የሚለው መልእክት ይመጣል፣ አለ ትላላችሁ፣ ከዛ ዝም። ይሄ ሰው ሌባ አይደለም፣ በቃ ነካ አድርጎት ያለፈ ሰው ነው፣ አትናደዱበት።

አሁን ወደ ዋናው። ከሶስቱ በየትኛውም ለጥፉት፣ ብሩ በነሱ በኩል አያልፍም። እነሱ ሰውየውን ያመጡላችኋል፣ ከዛ ወዲያ ያለው በእናንተና በሱ መካከል ነው፣ ቴሌብር ወይ የባንክ ትራንስፈር ወይ ካሽ። ብሩን መሃል ላይ ይዞ እቃው ሲደርስ የሚለቅ ማንም የለም። ስለዚ ማጭበርበሩም ያለው እዛች ጠባብ ሰዓት ላይ ነው፣ ከፍያለሁ ብሎ እቃውን እስኪያነሳ ባለችው ላይ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የአዲሱ እቃ ዋጋ ሲወጣ ያገለገለውም አብሮ ወጥቷል፣ ድሮ ቢጠፋም ብዙ አይጎዳም የሚባል እቃ አሁን የብዙ ሰው የወራት ደሞዝ ነው፣ ቢጠፋ ያማል።

አንዱን በቅርበት ልንገራችሁ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ሶስተኛ ፎቅ፣ የወንድሜ ፍሪጅ፣ በ38 ሺ ብር ተስማምተናል። ገዢው የመጣው አመሻሽ ላይ ነው፣ ፒካፕ ይዞ፣ ሁለት ተሸካሚ ልጆች ይዞ፣ በጣም ጨዋ ሰው፣ ጫማውን በር ላይ ሊያወልቅ ሁሉ ነበር። ፍሪጁን ግን በደንብ እንኳን አላየውም። የበሩን ጎማ አልነካም፣ ሞተሩ ሲነሳ አልሰማም፣ ዋጋም አልተከራከረም። በራሱ ብር የሚገዛ ሰው እንደዚ አያደርግም፣ ወረቀት በሩ መሃል አስገብቶ ስቦ ጎማው መያዙን የሚያይ አለ፣ መብራት እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ጠብቆ ፍሪዘሩ ውስጥ እጁን ከቶ የሚሄድ አለ፣ እነሱ ናቸው ጥሩዎቹ ገዢዎች፣ ያሰለቻሉ ግን ይከፍላሉ።

አካውንት ቁጥር ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት፣ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና "ገብቷል እህቴ" ብሎ ስክሪንሾት አሳየኝ። የባንኩ ቀለም፣ ሎጎው፣ ስሜ ከነአያቴ፣ 38,000፣ የትራንዛክሽን ቁጥሩ፣ ሁሉም አለ። ስሜን ከየት አመጣው እንዳትሉ፣ አካውንት ቁጥር ስታስገቡ አፑ ራሱ የባለቤቱን ስም ያወጣል፣ ስለዚ ስማችሁን ማየታችሁ ምንም ማረጋገጫ አይደለም። ወዲያው ስልኬ ላይ ደግሞ መልእክት ገባ፣ ልክ ባንኩ እንደሚጽፈው "ውድ ደንበኛችን" ብሎ ይጀምራል። ልጆቹ ፍሪጁን አዘንብለውታል። ከላይ ላኪውን አየሁ፣ በ09 የሚጀምር ተራ ስልክ ቁጥር ነው። የባንክ መልእክት በባንኩ ስም ነው የሚመጣው፣ ደግሞ ከድሮዎቹ መልእክቶች ስር ነው የሚገባው፣ ያለፈው ወር ደሞዝ፣ ያለፈው ሳምንት ያወጣችሁት ብር ከላዩ ላይ አለ፣ ይሄ ግን ብቻውን እንደ አዲስ ሰው ነው የመጣው። የባንኩን አፕ ከፍቼ ሂሳቤን አየሁ፣ አምስት ሳንቲም አልገባም። ልጆቹን "አንዴ አስቀምጡልኝ" አልኳቸው።

ከዛ በኋላ ያለውን ነው በደንብ እንድታዩት የምፈልገው፣ ምክንያቱም ስራው የሚሰራው እዛ ጋ ነው። መጀመሪያ "ሲስተም ይሆናል፣ ዛሬ ኔትወርክ አስቸጋሪ ነው" አለ። ቀጥሎ "እየመሸ ነው፣ ልጆቹም ሌላ ስራ አላቸው" አለ። ቀጥሎ መታወቂያዬን ላስይዝ አለ። መጨረሻ ላይ ድምጹን ዝቅ አድርጎ "እህቴ፣ አታምኚኝም እንዴ?" አለ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚች ጋ ነው። ስክሪንሾቱ ፌክ መሆኑን ጠርጥሮ እያለ፣ ሰው ፊት ሌባ ነህ ማለት ይከብደዋል፣ ያደግነውም እንደዛ አይደለም፣ እንግዳ ቤት ገብቶ ተጠራጠርኩህ ማለት ነውር ነው፣ አጭበርባሪው ደግሞ ይሄን ይሉኝታ ከኛ በላይ ያውቀዋል። እኔ ያልኩት "ወንድሜ፣ የማመን ያለማመን ጉዳይ አይደለም፣ ለሁሉም ሰው እንደዚ ነው የማደርገው፣ ብሩ አካውንቴ ላይ ሲታየኝ ፍሪጁ ያንተ ነው፣ እስከዛ ቁጭ በልና ቡና ጠጣ" ነው። ባንክ ሄጄ ልጠይቅ ብሎ ወጣ፣ በዛ ሰዓት ባንክ ከተዘጋ ቆይቷል። ስልኩም ተዘጋ። ልጆቹ መገናኛ ነው የያዛቸው፣ አያውቁትም፣ የፒካፑም ሹፌር አያውቀውም፣ ሶስቱም የቀን ገቢያቸውን አጥተው በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ያሳዘነኝ ከፍሪጁ በላይ ነው። ለትራንስፖርት ሰጥቻቸው ሄዱ።

"ለሁሉም ሰው እንደዚ ነው የማደርገው" የምትለዋን ያዙልኝ፣ ለኔ ከየትኛውም አፕ ይልቅ የጠቀመችኝ እሷ ናት። ገዢን ፊቱን አይቶ መለየት አይቻልም። ጨዋው ሌባ ሊሆን ይችላል፣ የተቆጣውና የሚጨቀጭቀው ደግሞ ቀጥ ያለ ሰው ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ሰው መጠርጠርም ከባድ ነው፣ ለነሱም ስድብ ነው። ስርአቱ ለሁሉም አንድ ከሆነ ግን ማንንም አልሰደባችሁም፣ ለአጎታችሁ ልጅም ያው ነው፣ ለማታውቁትም ያው ነው፣ እና ይሄን በስልክ ገና ከመምጣቱ በፊት ንገሩት፣ "ክፍያ በቴሌብር ወይ በባንክ፣ በኔ ስልክ ላይ ሲረጋገጥ ነው እቃው የሚነሳው" በሉት። በዚህ ምክንያት የሚቀር ሰው ካለ ይቅር፣ እናንተ ምንም አልጎደለባችሁም።

ማረጋገጫውን በተመለከተ፣ እዚህ ጋ በጣም ላመሰግን የምፈልገው ነገር አለ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀምር ሰው ሁሉ የሚያየው መላኩን ነበር፣ ለኔ ለሻጭ ግን ትልቁ ጥቅሙ ደረሰኙ ነው። ብር ሲገባ ከ127 መልእክት ይመጣል፣ የትራንዛክሽን ቁጥር አለው፣ ደረሰኙን የሚያሳይ ሊንክም አለ፣ ሊንኩን ስትከፍቱ የከፋይ ስም፣ የተቀባይ ስም፣ የብሩ መጠን፣ ቀኑ ይወጣል። ንግድ ባንክም እንደዛው ነው፣ በኤፍቲ የሚጀምር ቁጥር አለ፣ መልእክቱ ውስጥ ያለው ሊንክ ደረሰኙን ያወጣዋል። ይሄ ባይኖር ኖሮ ያገለገለ እቃ በትራንስፈር መሸጥ ባልተቻለ ነበር፣ የሰራው ሰው ይባረክ። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ገዢው በቴሌግራም የሚልክላችሁን ሊንክ አትመኑ፣ ገጹ ደረሰኝ ስለመሰለ ብቻ ደረሰኝ አይደለም፣ የኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ መጨረሻው ኢትዮቴሌኮም ነጥብ ኢቲ ነው፣ የንግድ ባንኩ ሲቢኢ ነጥብ ኮም ነጥብ ኢቲ ነው፣ አንድ ፊደል ቢለይ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ እውነተኛ ደረሰኝም ቢሆን የድሮ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ለሌላ ሰው የተላከ፣ ስለዚ ቀኑንና የተቀባዩን ስም እዩ። ከሁሉም በላይ ግን የራሳችሁን ሂሳብ በራሳችሁ አፕ ወይ በ*127# ወይ ንግድ ባንክ ከሆነ በ*889# ገብታችሁ እዩ፣ ባላንሱ ካልጨመረ ብሩ የለም፣ አለቀ።

ሲስተም የለም ለሚለው ደግሞ፣ አዎ፣ አንዳንዴ እውነት የለም። መጋቢት 2016 ላይ የንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ለሰዓታት ግብይት ቆሞ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። እንደዛ አይነት ቀን ሲያጋጥም መልሱ ቀላል ነው፣ ሲስተም ሲመጣ ና። እቃው የትም አይሄድም፣ ፍሪጅ ነው፣ ነገም ፍሪጅ ነው።

ዘግይቶ የገባ ሁሉ ሌባ አይደለም ግን፣ ይሄን ካልነገርኳችሁ ሪቪው አይሆንም። የአክስቴን ልጅ ላፕቶፕ የገዛችኝ ልጅ ነበረች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ መገናኛ አንድ ካፌ ውስጥ ተገናኘን፣ ከሌላ ባንክ ነው የላከችው። ከሷ ሂሳብ ወጥቷል፣ እኔ ጋ አልገባም። ስልኳን እያገላበጠች እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የአባቷ ብር ነው፣ እያሰበች ያለችው "ይቺ ሴትዮ ብሬን ወስዳ ላፕቶፑን ልትከለክለኝ ነው" ብላ ነው፣ በኋላ ነገረችኝ። ላፕቶፑን አልሰጠኋትም፣ ግን ቦርሳዬ ውስጥም አላስገባሁትም፣ ጠረጴዛው ላይ በሁለታችን መሃል አስቀመጥኩት። ወረቀት አውጥቼ የላፕቶፑን ሲሪያል ቁጥር ከስሩ አይቼ ጻፍኩ፣ የብሩን መጠን፣ የላከችበትን ሰዓት፣ ብሩ ሲገባ ላፕቶፑ የሷ እንደሆነ፣ ካልገባ ደግሞ ባንኳ እስኪመልስላት ለሌላ ሰው እንደማልሸጠው ጽፌ ፈረምኩና ሰጠኋት። ወዲያው ተረጋጋች። ማኪያቶ አዘዝን፣ ስለ ትምህርቷ ስናወራ ቆየን፣ ብሩ ገባ፣ ወረቀቱን ልትመልስልኝ ስትል "ያዢው፣ ሲሪያሉ ስላለበት ይጠቅምሻል" አልኳት። ከፍሪጁ ሰውዬ ጋር ያለው ልዩነት እሷ መቀመጧ ነው። እውነተኛ ከፋይ ብሩ የት እንደገባ ማወቅ የሚፈልገው ከናንተ በላይ እሱ ነው፣ አይሄድም፣ ባንክ ይደውላል፣ ይጨነቃል። ቸኩሎ እቃውን መውሰድ ብቻ የሚያስብ ሰው ነው ሌላው።

ከሌባው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያደክመው ደግሞ ያልቆረጠው ገዢ ነው። "ነገ እመጣለሁ ለማንም እንዳትሸጪው" ይላል፣ ነገ ሌላ ነገር ይላል፣ በመሃል የመጣውን ሰው መልሳችኋል። መፍትሄው ቀብድ ነው፣ ግን ቀብድ ስትቀበሉ ምን እየገባችሁ እንደሆነ እወቁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ ቁጥር 1885 ላይ እንደተቀመጠው ቀብድ የሰጠው ሰው ሀሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ቀብድ የተቀበለው ከቀየረ ግን እጥፍ አድርጎ ነው የሚመልሰው። ይሄን የሚያውቅ ኦንላይን ሻጭ ብዙ አላየሁም። 5 ሺ ቀብድ ተቀብላችሁ ሌላ ሰው ሶስት ሺ ጨምሮላችሁ ብትሸጡለት 10 ሺ ነው ምትመልሱት፣ አላዋጣችሁም። ስለዚ ቀብድ ስትቀበሉ ትንሽ ይሁን፣ እስከ መቼ እንደሚጠበቅ ቀኑ በቴክስት ይጻፍ፣ "እስከ ቅዳሜ 6 ሰዓት ካልመጣህ ለሌላ እሸጣለሁ፣ ቀብዱም አይመለስም" ተባብላችሁ እሺ ይበላችሁ፣ ከዛ ቃላችሁን ጠብቁ፣ ሌላው ሰው ስንትም ቢጨምር። ቀብድ የሌለው "ያዢልኝ" ለኔ ምንም ማለት አይደለም፣ ቀድሞ የመጣ ይወስዳል፣ ይሄንንም ቀድሜ እናገራለሁ።

ላስት ፕራይስ ስንት ነው የሚለውን በተመለከተ፣ በስልክ አትመልሱ። እቃውን ሳያይ ላስት የሚጠይቅ ሰው ላስቱን ይዞ መጥቶ ከዛ ላይ ነው እንደገና የሚጀምረው። "መጥተህ እየው፣ ከወደድከው እንነጋገራለን" በቂ ነው። ፖስቱ ላይ ደግሞ "ባለቤቱ ውጭ ስለሚሄድ በአስቸኳይ የሚሸጥ" የሚለውን ተዉት፣ እባካችሁ ተዉት። ገዢ ይጠራል ብላችሁ ነው የምትጽፉት፣ የሚጠራው ግን ግማሽ ዋጋ የሚሉ ደላሎችን ነው፣ ከዛም በላይ ቤቱ ባዶ ሊሆን እንደሆነ፣ የሚሄደው ሰው ብር እንደያዘ፣ ቸኩላችሁ እንደሆነ ለማያውቃችሁ ሰው ሁሉ ነገራችሁ ማለት ነው።

ፒን እና ኮድ። ብር ለመቀበል ፒን አያስፈልግም፣ በቴሌብርም በባንክም። "ክፍያውን እንድትቀበይ ይሄን ሊንክ ነክተሽ ፒንሽን አስገቢ" ያለ ሰው ሊከፍላችሁ አይደለም። "የደረሰሽን ኮድ ንገሪኝ፣ ገዢ መሆኔን ለማረጋገጥ ነው" የሚል ደግሞ አለ፣ ያ ኮድ የቴሌግራማችሁ መግቢያ ነው፣ ሰጥታችሁት እንደሆነ በናንተ ስም ከዘመድ አዝማድ ብር ይለምንበታል። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ አብሩት። ሌላው፣ "ከዱባይ ነኝ፣ ለእናቴ ነው የምገዛው፣ በዌስተርን ዩኒየን ልኬያለሁ፣ ቁጥሩ ይኸው፣ እቃውን ልጁ መጥቶ ይውሰድ" የሚል ይመጣል። ለእናቱ ከውጭ የሚገዛ እውነተኛ ሰው ሞልቷል፣ ደስ የሚል ገዢ ነው እንደውም፣ ግን ብሩን ባንክ ሄዳችሁ በእጃችሁ እስካልተቀበላችሁት ድረስ ላኪው ሊሰርዘው ይችላል፣ ስለዚ መጀመሪያ ብሩን አውጡ፣ ከዛ እናትየው ትረከባለች።

ካሽ አይሻልም ወይ ትሉ ይሆናል። ላነስ ያለ እቃ አዎ፣ ለትልቅ ግን አልወደውም። ትልቁ ኖታችን በ2013 የወጣው 200 ብር ነው፣ 38 ሺ ብር ማለት 190 ኖት ነው፣ ደረጃ ላይ ቆማችሁ ልትቆጥሩ፣ ፎርጅድ መሆን አለመሆኑን በመብራት ልታዩ፣ ከዛ ማታ ቤታችሁ ይዛችሁት ልታድሩ ነው፣ ሰውየውም ብሩ ቤት እንዳለ ያውቃል። ካሽ ካለ ባንክ እንገናኝ እላለሁ፣ መስኮቱ ላይ እሱ በኔ አካውንት ያስገባል፣ ፎርጅድ ካለ ካሸሯ ታወጣዋለች፣ ጨረስን።

ቦታን በተመለከተ፣ ስልክና ላፕቶፕ ቤት ውስጥ አይሸጥም፣ ካፌ ወይ ባንክ ነው፣ በቀን ነው። ስልክ ስትሸጡ የራሳችሁን አካውንት ሁሉ አስወጥታችሁ ሪሴት አድርጉት፣ *#06# ላይ የሚወጣውን አይኤምኢአይ ቁጥር ጻፉና ከገዢው የመታወቂያ ስምና ፊርማ ጋር አንድ ገጽ ወረቀት ላይ አስቀምጡት፣ ፋይዳ ካለው ፋይዳውን፣ ከሌለው የቀበሌውን። ነገ ያ ስልክ ለመጥፎ ስራ ቢውል የሸጣችሁት መቼና ለማን እንደሆነ የሚያሳይ ነገር ይኖራችኋል። ቀጥ ያለ ገዢ ይሄን ወረቀት ይወደዋል፣ ለሱም የተሰረቀ እንዳልገዛ ማስረጃው ነው። ፍሪጅና ሶፋ ካፌ አይሄድም፣ ስለዚ ቤት የሚመጣ ገዢ ካለ ብቻችሁን አትሁኑ፣ በተለይ ሴቶች፣ ጎረቤት ጠርታችሁ አብሯችሁ ይሁን፣ የግቢውን ጥበቃ ቀድማችሁ "እቃ የሚወስድ ሰው ይመጣል፣ እኔ ሳልደውልልህ ምንም እንዳይወጣ" በሉት። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ይሄ ጥበቃ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ግቢ ውስጥ እቃ ያለመውጫ ወረቀት አይወጣም፣ ወረቀቱን ደግሞ ብሩ ሳይገባ አትጻፉ።

ተጭበርብራችሁ ከሆነ አትፈሩ፣ አትዘግዩም። ቴሌብር ከሆነ ወዲያው 994፣ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ደውሉ፣ ስክሪንሾቱን፣ ቻቱን፣ ስልክ ቁጥሩን፣ የመኪናውን ታርጋ ሳታጠፉ ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ቻቱን በንዴት የሚያጠፋ ሰው አለ፣ አታጥፉት፣ እሱም እንዳያጠፋው ስክሪንሾት አድርጉት፣ ቴሌግራም ላይ ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ይችላል።

እንግዲህ የኔ ምርጫ፣ ለስልክና ላፕቶፕ ጂጂ፣ ዋጋውን አወዳድሮ የመጣ ሰው ስለሆነ። ለሶፋ፣ ለአልጋ፣ ለልጅ እቃ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ፣ ቤቴ የሚገባውን ሰው ፕሮፋይል ማየት ስለምፈልግ። ቴሌግራም የበረራው ቀን ሲደርስና የቀረ እቃ ካለ ነው፣ ያኔም ስልክ ቁጥሬን ፖስቱ ላይ አላስወጣም፣ በአድሚኑ በኩል ወይ በኢንቦክስ ነው። ከሶስቱ አንዱ ነገ ተነስቶ ብሩን መሃል ላይ ይዞ እቃው ሲደርስ የሚለቅ ክፍያ ቢጀምር ኮሚሽን ከፍዬም ቢሆን የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ እኔ ነኝ።